የዶይና ከንፈር

«ዶይናን ሰው ያያታል፤ አንቺ ደግሞ ሰው ታያለሽ። እግዜር ለሁለታችሁም የድርሻችሁን ሰጥቷችኋል፤ ምን ጎደለሽ?» ብላት ነበር እናቷ፣ ያኔ ሮዲካ ከትምህርት ቤት ቀርታ ላም ማለብ በጀመረች ሰሞን፣ አገር ቤት ሶሮካ ገበያ ላይ አንድ ሻጭ ለታናሽ እህቷ ለዶይና ቀይ ጥብጣብ በነጻ ፀጉሯ ላይ ካሰረላት በኋላ ወደ ሮዲካ ዞር ብሎ ዋጋውን የነገራት ቀን። እናት ከተቀበረች ቆየች። ቃሏ ግን አልተቀበረም፤ ይኸው ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ጣሊያን አገር፣ ፓዶቫ ዳር ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል፣ የመስኮቱ መዝጊያ እስከ ታች ወርዶ፣ ሮዲካ በጀርባዋ ተንጋላ ያንኑ ቃል ታላምጣለች። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባ ሰው እንደ ግንድ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀችም። ዓይኗን ስትጨፍን ከንፈር ይመጣል፤ የዶይና ከንፈር፣ የላይኛው፣ በግራ በኩል፣ ያቺ ነጭ ቦታ። ትገልጣለች፣ ጣሪያ ነው። ትጨፍናለች፣ ከንፈር ነው። ማየት ሥራዋ ነው እኮ፣ ጣሊያኖቹም የሚከፍሏት ስለምታይ ነው። ፋብሪካው ከንፈርና ጉንጭ የሚሞላ ጄል ይሠራል፤ ጄሉ በመስታወት መርፌ ተሞልቶ፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ይመጣል፣ እሷ መብራቱ ፊት ተቀምጣ አንድ በአንድ ታነሳለች፣ መጀመሪያ ከጥቁሩ ሰሌዳ ፊት፣ ቀጥሎ ከነጩ፣ ገልበጥ፣ መለስ፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ክር ይጋለጣል፣ ነጩ ላይ ጥቁር ጉድፍ። ማሽንም አለ፣ ማሽኑ የተጠራጠረውን ግን ወደ ሰው ዓይን ይልከዋል። እንከን ያለበት ወደ ቀዩ ሳጥን፣ ከቀዩ ሳጥን ወደ እሳት። ደግሞ የሚያስቀው፣ የውበት ፋብሪካ ውስጥ ተውቦ መግባት ክልክል ነው። በሩ ላይ ኩል ይጠረጋል፣ ሊፒስቲክ ይጠረጋል፣ ጥፍር ይታያል፤ ከዓይን በቀር ምንም የማይታይበት ነጭ ልብስ ይለበሳል። የፈረቃዋ አለቃ ሲኞራ ኦርኔላ አዲስ ገቢ ልጆችን «እዚህ አንቺ የምታዪ እንጂ የምትታዪ አይደለሽም!» እያለች ስትቆጣ ሮዲካ በጭንብሏ ስር ፈገግ ትላለች። ዶይና እንኳ እዚህ ክፍል ብትገባ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ደስ ይለዋል። ምን ዓይነት እህት ነኝ? ትላለች፣ ደስታው ግን አይለቃትም።

ጠዋት ከሥራ ስትመለስ እንደ ልማዷ ደወለች። ልጇ ኢሊንካ እዚያ ናት፣ ሶሮካ፣ ከዶይና ጋር፤ ሰባት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ስልኩ ሲከፈት ግን መስታወቱን የሞላው ዶይና ነበረች፣ ዶይና ሁልጊዜ ትሞላለች። «እይ እስቲ! ትናንት ማታ ራሴው ለራሴ ወጋሁት። ደንበኞቼ መጀመሪያ የባለሙያዋን ከንፈር ነው የሚያዩት፣ አይደል?» ትላለች፣ ከንፈሯን ወደ ስልኩ እያስጠጋች። ሮዲካ አየች። እንደ ሥራዋ፣ ሳታስበው፣ ገልበጥ መለስ አድርጋ አየች። ከንፈሩ አብጧል፣ እሱስ ያለ ነው፤ ግን በግራ በኩል ደም የሸሸው ነጭ ቦታ አለ፣ ከጫፉ ደግሞ እንደ እብነ በረድ ቀጫጭን ወይን ጠጅ መረብ ጀምሯል። «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» «ኧረ ተይኝ፣ የሰው ዓይን ነው። ትናንት ሦስት ሴቶች ተደርድረው ሲያፈጡብኝ ዋሉ፣ አንዳቸው እንኳ ቱ አላሉም። ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ። እማማ ፓራስኬቫ ከጎረቤት ማለዳ መጥታ ክብሪት በውሃ አጥፍታ፣ በውሃው አጥባኛለች። በረዶም ይዤበታለሁ። ነገ ይለቀኛል።» ሮዲካ ማለት ያለባት ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያን መረብ ታውቀዋለች። ፋብሪካው በየዓመቱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ የሚያሳየው ፎቶ አለ፤ የመጀመሪያው ፎቶ ነጭ፣ ሁለተኛው መረብ፣ ሦስተኛው ጥቁር፣ አራተኛውን ማየት የማይፈልግ ይውጣ ይባላል። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ያን ጊዜ ኢሊንካ ከጓዳ ሮጣ መጣችና አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ የዶይና አንገት ላይ፣ «እማዬ፣ እማዬ፣ ምጣዱ ላይ ያለው ፕላቺንታ አረረ!» ሮዲካም ከዚህ ማዶ «ወዬ የኔ ልጅ» አለች። ለእሷ የተጠራ መስሏት። ልጅቷ ወደ ስልኩ ዞረች፣ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «አንቺን አይደለም! አንቺ የስልኳ እማዬ ነሽ!» ዶይናም ሳቀች፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ ነጩ በኩል አልሳቀም። ሮዲካ ሁሉንም አየች። ያን ምላሷ ጫፍ ላይ የነበረውን ነገር እንደ ክኒን ዋጠችና «ያምርብሻል» አለቻት። ቱ እንኳ ሳትል። በእነሱ አገር ቆንጆ ነሽ ብሎ ሦስቴ ቱ የማይል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጠላት። ስልኩን ዘጋችው፣ መዝጊያውን አወረደችው፣ ተጋደመች። ይኸው።

የስልኳ እማዬ። ማን ነው እንዲህ ማለት ያስተማራት? ማንም አላስተማራትም፣ ልጅ ያየችውን ነው የምትጠራ። የኢሊንካ አባት ለግንባታ ሥራ ብሎ ሩስያ ሄዶ እዚያው ቀለጠ፤ ሮዲካ ወደ ጣሊያን ልትመጣ ሚኒባስ ላይ ስትሳፈር ልጅቷ ገና «ውሃ» እና «ድመት» ነበር የምትለው፤ ዶይና በእቅፏ ይዛ የልጅቱን እጅ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች «ቻው በያት፣ ቻው በያት» ትላለች፣ ልጅቷ ግን ወደ ሚኒባሱ አታይም፣ የዶይናን የጆሮ ጉትቻ ታያለች። ሰው ሁሉ ዶይናን ያያል፣ የገዛ ልጄ እንኳ። በየእሁዱ ሮዲካ ከከተማው ውጭ ወደ አገር ቤት የሚነዱ ሚኒባሶች የሚሰለፉበት ሜዳ ሄዳ ጥቅል ትልካለች፤ ቀሚሱን የምትመርጠው እሷ፣ የምታለብሰው ዶይና፤ ጫማውን የምትገዛው እሷ፣ ማሰር የምታስተምረው ዶይና። ቀሚሱ የማን ነው ታዲያ? ኢሊንካ ለትምህርት ቤት «ቤተሰቤ» ብላ የሳለችው ሥዕል ላይ አንዲት ትልቅ ቀይ ከንፈር ያላት ሴት አለች፣ ከጎኗ ትንሽ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘኑ ውስጥ ሁለት ነጥብ። «ይሄ ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?» «አንቺ ነሻ! ስልኩ ውስጥ።» ሁለት ነጥብ። ዓይኖቿ መሆናቸው ነው። አፍ አልሳለችላትም።

ላብ አንገቷ ስር ይወርዳል። ከላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር ይጎትታል። እሷ እኮ ነግራት ነበር፣ አልነገርኳትም እንዴ? ዶይና የጥፍርና የቅንድብ ሥራዋን ትታ ከንፈር መውጋት የጀመረች ጊዜ፣ በእናታቸው መኝታ ክፍል መጋረጃ ዘርግታ፣ መስታወት ሰቅላ፣ «እዚህ ጣሊያን እኮ ሐኪም ብቻ ነው የሚወጋው» ብላታለች። «ሐኪም! እዚህ ሐኪም ያለው ለመሞት ነው፣ ለመዋብ እኔ አለሁ» ነበር መልሷ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፣ ዶይና ስትቀልድ ይሳቅላታል። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ የጣላችሁትን እንኳ ለእኔ አትልኪልኝም? ትንሽ ክር ቢኖርበት ምን አለበት፣ ማን አጉሊ መነጽር ይዞ ከንፈር ይስማል? ከምትልኪው ፓስታ መሃል ሸጉጪው።» እምቢ አለቻት። ምክንያቱን ዘርዝራ ነገረቻት፣ ኦርኔላ እንደነገረቻት አድርጋ፤ ጄሉ ድሮ አውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ እንደነበር፣ ዛሬ በትልልቅ ጋን ውስጥ ባክቴሪያ እንደሚያፈራው፣ ቶሎ እንዳይሟሟ እርስ በርሱ እንደሚቆላለፍ፣ ያቆላለፈው ኬሚካል ደግሞ ታጥቦ ታጥቦ እስኪጠፋ እንደሚፈተሽ፣ በእንስሳ ቀጥሎም በሰው እንደሚሞከር፣ አንድ ጄል ሰው ከንፈር ላይ እስኪደርስ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት እንደሚገባ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሳይነግሩ መጥተው የበር እጀታ ሳይቀር እንደሚያሹ፣ እያንዳንዱ መርፌ ቁጥር እንዳለው፣ አንዲት ሴት ፈረንሳይ ውስጥ ብታብጥ በየትኛው ቀን ከየትኛው ጋን እንደወጣ እንደሚታወቅ። ዶይና እስከ መጨረሻው ሰማቻት። «ጨረሽ? እንዳልበልጥሽ ፈርተሽ ነው» አለቻት። ሮዲካ ያን ቀን ተቆጣች፣ ምክንያቱም እውነት ነበር። ሕጉም እውነት ነው፣ ቁጥሩም እውነት ነው፣ ግን ያ ሁሉ ባይኖር ኖሮስ ትልክላት ነበር? ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን አፍጥጣ ያጣራችው ጄል ሄዶ ሄዶ የዶይና ከንፈር ላይ ሲቀመጥ፣ ሰው ሲያየው፣ ልጄ ሲስመው። አትልክም። እና ዶይና ከገበያ ገዛች፣ ሻንጣ ይዛ ከምትዞር አንዲት ሴት። ሮዲካ ይህንንም ታውቅ ነበር፤ ያን ፎቶ፣ ያን ነጭና ያን መረብ፣ ልትነግራት ትችል ነበር። ሕጉን ነገረቻት እንጂ ምልክቱን አልነገረቻትም። ሕግ ይነገራል፣ ሰው ከሕግ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ምልክቱን የሚነግር ግን የሚወድ ሰው ነው።

ይሁን፣ አሁን ምን ይጠበስ? ምናልባት ነገ ይለቃታል። ምናልባት እውነትም የሰው ዓይን ነው፣ ያፈጠጡባት ሴቶች፣ ወይ የእኔው ዓይን፣ ከሁሉ አፍጥጬ ያየኋት እኔ አይደለሁም? ምናልባት ተኝቼ ስነሳ... ከንፈሩ ቢጠቁርስ? አስቀያሚ ሁኖ ቢቀርስ? ያን ጊዜ ኢሊንካ ትፈራት ይሆናል። ያን ጊዜ አንገቷ ላይ አትጠመጠምም። ያን ጊዜ የስልኳ እማዬ... ሮዲካ ይህን አሰበች። ሙሉውን አሰበችው፣ እስከ ጫፉ፤ ልጅቷ ስታለቅስ፣ ከዶይና ስትሸሽ፣ ስልኩን ስታነሳ። እንደ መርፌው አነሳችው፣ ገልበጥ መለስ አደረገችው፣ ጥቁሩን በነጩ ላይ አየችው፣ ሐሳቡ የእሷው ነው። ተነስታ ተቀመጠች፣ በጨለማው ውስጥ ስልኩን በእጇ ዳበሰች። ደወለች። ይጠራል። ይጠራል። አይነሳም። ደገመች።

«የስልኳ እማዬ! ቀስ በይ፣ እማዬ ተኝታለች» አለች ኢሊንካ በሹክሹክታ። «ከንፈሯን አሟታል። የራስ ምታት መድኃኒት ውጣ ነው የተኛች።»

«ጎበዝ፣ ቀስ እላለሁ። ስሚኝ፣ አንድ ሥራ ልስጥሽ። እጅሽን ታጥበሻል?»

«አዎ! ማለት፣ አሁን እታጠባለሁ።» የውሃ ድምፅ፣ ሩጫ። «ታጠብኩ።»

«መጀመሪያ የራስሽን ከንፈር በጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂው። ስልኩ ላይ ራስሽን እያየሽ። ምን ሆነ?»

«ነጭ ሆነ... ወዲያው ደግሞ ቀይ ሆነ!»

«አሁን የእሷን። እዚያ ነጩ ጋ። በቀስታ።»

ስልኩ ተወዛወዘ፤ ትራስ፣ የዶይና ፀጉር፣ የሚቀልጥ በረዶ ያለበት ፎጣ፣ ትንሽ ጣት። ዶይና አጉረመረመች። «ለቀቅኩት» አለች ልጅቷ። «ነጭ ነው።» ሮዲካ ትጠብቃለች። «አሁንስ?» «ነጭ ነው።» «አሁንስ?» «አልመለስ አለ። ደግሞ ያ መረቡ፣ ጠዋት ከንፈሯ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር፣ አሁን ወደ አፍንጫዋ እየወጣ ነው። እኔ እኮ ሳየው ነበር እማዬ፣ ለማን እንደምነግር ነው ያላወቅኩት።» እማዬ ያለችው ማንኛቸውን እንደሆነ ሮዲካ አልጠየቀችም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታያለች።

«ቀስቅሻት። ጮክ ብለሽ ቀስቅሻት።»

ዶይና እያቃሰተች ስልኩን ተቀበለች። «ምነው ሮዲካ፣ ሰው ሰላም አግኝቶ አይተኛም?» «በረዶውን ጣይው። ሞቅ ያለ ጨርቅ ያዢበት። ጄሉ ደም ስርሽን ዘግቶታል፣ የሰው ዓይን አይደለም። አሁን ተነሺና ኪሺናው ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ፤ ጄሉን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ እሱን ይውጉሽ።» «የሚያሟሟ? ከንፈሬን? አበድሽ? ጠዋት ያምርብሻል አላልሽኝም?» «ዋሽቼሽ ነው።» «ለምን ትዋሺኛለሽ?» «ልጄ አንቺን እማዬ ብላ ጠራችሽ።» ከበስተኋላ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል፣ ኢሊንካ ትተነፍሳለች። «እና ለዚህ ብለሽ ከንፈሬ ይበስብስ?» አለች ዶይና፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «አዎ» አለች ሮዲካ። «ከጠዋት እስካሁን፣ አዎ።» «ደግሞ ትናገሪዋለሽ! አንቺ እንዲህ ያለሽ እባብ!» «እባብ ነኝ። ተነሺ።» «አላምንሽም። ጠዋትም የቀናሽ ነሽ፣ አሁንም የቀናሽ ነሽ፣ ልታፈርሺኝ ነው።» ሮዲካ ይህን አልጠበቀችም። እውነት ብላ ብትነግራት እውነቱ ራሱ በሩን ዘጋባት። ምን ትበላት? ሕግ ልትጠቅስ ነው? ያን ጊዜ ኢሊንካ ጣልቃ ገባች። «እማዬ፣ እኔ ቀናሁብሽ? ተጭኜ አየሁት፣ አልመለስ አለ። የኔ ግን ተመለሰ። እይ፣ እይ!» መስታወት ሳታመጣላት አልቀረችም፣ የዶይና ፊት ከስልኩ ዞረ። ሮዲካ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ ዶይና፣ በሌላ ድምፅ፣ በልጅነቷ ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ የጣለች ቀን በነበራት ድምፅ፣ «ወይኔ» አለች። «ኢሊንካ፣ ሮጠሽ እማማ ፓራስኬቫን ልጇ መኪናውን ያስነሳ በያት። ጫማዬን አምጪ።»

«የጄሉን ሳጥን ይዘሽ ሂጂ» አለች ሮዲካ፣ «ሐኪሞቹ የምን ጄል እንደሆነ ይጠይቁሻል። ቁጥር አለው?» ኢሊንካ ነበረች የመለሰችው፣ ሳጥኑን እያገላበጠች፦ «ቁጥር የለውም። ጽጌረዳ ብቻ ነው ያለበት።» ጽጌረዳ ብቻ። የት እንደተወለደ የማይታወቅ፣ እናቱ የማትታወቅ ጄል። እውነተኛው ከሆነ መድኃኒቱ ያሟሟዋል፤ ሌላ ነገር ከሆነ፣ ሲሊኮን ከሆነ፣ ምንም የሚያሟሟው የለም። ሮዲካ ይህን አልተናገረችም። «ሂዱ» ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። ከሶሮካ ኪሺናው ያለውን መንገድ ታውቀዋለች፣ የሱፍ አበባው እርሻ፣ ከመንገድ ዳር ቼሪ የሚሸጡ ሴቶች፣ መኪናው እዚህ ደረሰ፣ እዚያ ደረሰ ትላለች ሳትተኛ። ደወለች፣ አልተነሳም። ደወለች፣ ጠፍቷል። ወደ ሥራ ስትሄድ ስልኩ ከበሩ መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ሕግ ነው። ፊቷን ጠረገች፣ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም። መብራቱ ፊት ተቀመጠች፣ አነሳች፣ ጥቁሩ ላይ፣ ነጩ ላይ። ኦርኔላ መጥታ አጠገቧ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ቀልቷል፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ? እንባ ያለው ዓይን አያይም፣ ሂጂ ተቀመጪ።» «አያለሁ ሲኞራ» አለች ሮዲካ። ታያለች። ሁሉም መርፌ ውስጥ የምታየው አንድ ከንፈር ነው።

ሲነጋ ስልኩ ላይ ድምፅ ተልኮላት አገኘች፣ ፎቶም አለ። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ቆማ ድምፁን ከፈተችው። ኢሊንካ ናት፣ እንቅልፍ የተጫናት፦ «የስልኳ እማዬ፣ ወጓት። ሦስት ጊዜ ነው የወጓት፣ ጮኸች። ሐኪሟ ዘግይታችኋል ብላ ተቆጣች፣ ትንሽ ጠባሳ ይኖራታል አለች። እኔ ግን አሁን ተጭኜ አየሁት። ቀይ ሆነ። ቀስ ብሎ ነው፣ ግን ሆነ።» ሮዲካ ሰው እያያት እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደጋግማ ሰማችው። ከዚያ ፎቶውን ከፈተች። የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር፤ ኢሊንካ መሃል ላይ፣ ዶይና ከጎኗ፣ ከንፈሯ በልዟል፣ ግን ሟሙቷል፣ ቀጭን ሆኗል፣ የእናታቸው ከንፈር፣ የሮዲካ ከንፈር፣ ሦስቱም አንድ። አሁን ማን ያያታል? ብላ አሰበች፣ ለማሰብ እንኳ አፍራ። ከዚያ አየች። ዶይና በቀጭኑም፣ በበለዘውም ከንፈሯ ታምራለች። ልጅቱም ወደ ስልኩ አታይም፣ ዶይናን ቀና ብላ ታያለች። ያ ቀዝቃዛ ነገር ደረቷ ውስጥ እንደገና ተገለበጠ፣ አልሞተም፣ እንዲሁ አይሞትም።

ፎቶውን ልትቆርጥ ጣቷን ጠርዙ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገፋችው። ዶይና ቀስ በቀስ ወጣች፣ ፀጉሯ፣ ጉንጯ፣ ከንፈሯ፣ ኢሊንካ ብቻዋን እስክትቀር። እጇ ግን ቀረ፣ የዶይና እጅ፣ የልጅቱ ትከሻ ላይ። ገፋ አደረገችው። እጁን ለማውጣት የልጅቱ ትከሻ መቆረጥ ነበረበት፣ ከዚያ ደግሞ ግማሽ ፊቷ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ሮዲካ ጣቷን መለሰችና ፎቶውን እንደነበረ ተወችው፣ ሁለቱም ሙሉ ሆኑ። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለችና በቀስታ ቱ፣ ቱ፣ ቱ አለችበት። ከዚያም መስታወቱን በእጅጌዋ ጠረገችው።